የሰኞ ደንበኛ

ሰኞ ፀጉር ቤታችን ዝግ ነው። የፊቱ መጋረጃ ይወርዳል፣ የፀጉር ማድረቂያ ካስኮቹ ይነቀላሉ፣ አለቃችንም ሳምንቱን ሙሉ የቆመችበትን እግሯን ቤቷ ሆና ታሳርፋለች። የሚከፈተው የጓሮው በር ብቻ ነው፤ እሱም ለአንዲት ደንበኛ ሲባል ነው። የበሩ ቁልፍ ያለው እኔ ዘንድ ነው። ደንበኛዋ ደግሞ ሰሞኑን በሰው ፊት «ልጄን ልቀቂው!» ብለው ያዋረዱኝ የፍቅረኛዬ እናት ናቸው።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ለልጃቸው አልበቃሁም፤ ለራሳቸው ጭንቅላት ግን ከእኔ ሌላ ሰው አያምኑም።

እትዬ እላቸዋለሁ። የጨርቅ መደብሩም፣ ከመደብሩ በላይ ያለው ፎቅም የእሳቸው ነው። በመንገድ ሲያልፉ ሰው ከተቀመጠበት ይነሳላቸዋል። ሻሻቸው ሁልጊዜ ከቀሚሳቸው ጋር የሚሄድ ነው፤ አስተሳሰሩን እንኳ ሌሎች ሴቶች ይቀዱታል። ከሻሹ ሥር ያለውን ግን ከፈጣሪና ከእኔ በቀር ማንም አላየውም። ከግንባራቸው ጀምሮ እስከ ጆሯቸው ኋላ ድረስ ቆዳው ቀልቶ፣ በላዩ ነጭ ቅርፊት እየተደራረበ ይነሳል። ሲታጠብ ይረግፋል፣ በሳምንቱ ተመልሶ ከች ይላል። ሶሪያሲስ ነው። እሳቸው ስሙን አይጠሩትም፤ «ያ ነገር» ይሉታል። ሰው ካየ «ባለፎቋ ቆረቆር ወጣባት» ብሎ ይስቅብኛል ብለው ይፈራሉ። ለልጃቸው እንኳ ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

የእኛ ሥራ ደግሞ ሕግ አለው፤ ወንበር ላይ ያየሽውን እዚያው ወንበር ላይ ተይው። አለቃችን ይህንን የምታስተምረን መቀስ ከማስያዟ በፊት ነው። ሴት ፀጉሯን ስትፈታ ሌላም ብዙ ነገር ትፈታለች። ማን ከመሐል አናቷ እየተመለጠች እንደሆነ፣ የማንን ፀጉር ባሏ እንደነጨው፣ ማን ዕድሜዋን በቀለም እንደደበቀች እናውቃለን። አንዷ ያመነችን ነገር ከበር ከወጣ ያ ቤት አበቃለት።

ልጃቸውን ያወቅሁት በዚሁ በጓሮው በር ነው። መሐንዲስ ነው። አንድ ሰኞ እናቱን ሊወስድ መጥቶ ቢጠብቅ ቢጠብቅ አልወጡ አሉት፤ በሩን አንኳኳ።

«እናቴን ምን እያደረጋችኋት ነው? ሙሽራ ልታስመስሏት ነው እንዴ?» አለኝ።

«ውበት ጊዜ ይፈልጋል፣ ይጠብቁ» አልኩት።

«አንቺንማ ፈጣሪ ሳይቸኩል ነው የሠራሽ» ብሎ አየኝ።

እኔ ስንት የሴት ምላስ የሚንጫጫበት ቤት ውስጥ የዋልኩ፣ መልስ የማይጠፋኝ ሰው፣ ዝም ብዬ በሩን ዘጋሁበት። በሩን እንጂ ልቤን አልዘጋሁትም። ከዚያ ወዲያ በየሰኞው ቀደም ብሎ መምጣት ጀመረ።

ዘንድሮ ግን ጣቱ አበጠ። የቀኝ እጁ መሐል ጣት፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ፣ አንድ ላይ ተወጥሮ ቀላ። ግንባታ ቦታ ብረት መቶት ስለነበር ምቱ ነው ብለን ናቅነው። በዚያው ሰሞን ጉሮሮውን ታሞ ትኩሳት ጥሎት ሰንብቷል፤ እሱንም ብርድ ነው ብለን አለፍነው። ቀጥሎ ተረከዙ መጣ። ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ መርገጥ ያቅተውና ግድግዳ ይዞ ይቆማል፤ እስኪፍታታ ረፋዱ ይደርሳል። የሥራ ጓደኞቹ «ሪህ ነው፣ ሥጋ ቀንስ» አሉት። ሥጋ ቀነሰ። ጣቱ አልቀነሰም።

እትዬ ደግሞ ምክንያቱን ራሳቸው አገኙት፤ እኔ ነኝ። እጄ በፀጉር ቀለም ተቃጥሎ ቀልቷል፣ በጣቶቼ መሐልም ተሰነጣጥቋል። ሰው በሞላበት ቅዳሜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊት ለፊቱ በር ገቡ።

«ይኸው እጅሽ! የልጄ ጣት ያበጠው ከአንቺ እጅ ጋር ሲያያዝ ነው። በሽታሽን አጋባሽበት! ደግሞስ ከፀጉር ቤት ሚስት ይመጣል? የቤቴን ጉድ ለከተማው ልታድይው ነው? እኔ ወሬ አመላላሽ በቤቴ አላስገባም። ልጄን ልቀቂው!»

ሴቶቹ በሙሉ በመስታወት ውስጥ እኔን እኔን ያያሉ። መመለስ እችል ነበር። አንዲት ቃል ትበቃኝ ነበር። ዓይኔ ሄዶ ሻሻቸው ላይ አረፈ፤ እሳቸውም ማረፉን አዩ፣ ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ አንገቴን ደፍቼ የደንበኛዬን ፀጉር መጠቅለል ቀጠልኩ። እንባዬን ቤቴ እስክደርስ አላሳየኋቸውም።

እሱ ማታውኑ ደወለ። «እናቴ ወይ እሷ ወይ እኔ ብላለች። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ፣ አበርዳታለሁ» አለኝ። ጊዜ ሰጠሁት። ጊዜ የሰጠ ሰው ግን እንቅልፍ አይኖረውም። ተነሥቼ እቀመጣለሁ፣ ተቀምጬ እነሣለሁ፤ እጄን በመብራት አገላብጬ አያለሁ። እውነት ከእኔ ይሆን እንዴ? በዚህ እጅ ነው የዳበስኩት። የምወደውን ሰው እኔው ራሴ ጎድቼው ይሆን?

አላስቻለኝም። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ሸምገል ያሉ፣ ከመነጽራቸው በላይ የሚያዩ ሰው ናቸው።

«ይህማ ቀለም የበላው እጅ ነው። ጓንት አድርጊ። ለማንም አይተላለፍም» አሉኝ።

ከወንበሩ አልተነሣሁም። «አንዲት ደንበኛ አለችኝ» ብዬ ጀመርኩ። ስም አልጠራሁም፤ የጭንቅላቱን መቅላት፣ ቅርፊቱን ነገርኳቸው። ወዲያው ሶሪያሲስ ነው አሉ። እሱም ቢሆን በእጅ፣ በማበጠሪያ፣ በትራስ አይጋባም። ከጀርም እንዲጠብቅ የተቀጠረው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ቤቱን መደብደብ ሲጀምር የሚመጣ ነው። በአንዳንዱ ሰው ቆዳውን ብቻ ይመታል። ከታመሙት ግን ከሦስት አንዱን ገደማ መገጣጠሚያውንም ይነካዋል፤ በተለይ ራስ ቅሉና ጥፍሩ ላይ የወጣበት ሰው ሥጋቱ ይበዛል።

«ልጇስ?» አልኩ፣ ድምፄ እየቀነሰ። «ልጇ ቆዳው ንጹሕ ነው። ጣቱ ብቻ ነው ያበጠው።»

ሐኪሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «በዘር የሚሄድ ዝንባሌ ነው። ቆዳው ሳይነካ መገጣጠሚያው የሚቀድምበት ሰውም አለ። ጥፍሩን አይተሽዋል?»

አይቼዋለሁ። በመርፌ ጫፍ የተነካካ የሚመስል፣ ጥቃቅን ጉድጓድ ያለበት ጥፍር ነው። በሲሚንቶው ነው እያልኩ ስንቴ ስሜዋለሁ።

«በጊዜ መድኃኒት ካልጀመረ መገጣጠሚያው ይበላሻል። አንዴ ከተበላሸ ደግሞ አይመለስም» አሉኝ።

በማግስቱ እሱ በምሳ ሰዓት ደወለ። የመገጣጠሚያ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ነበር። «ደሜ ውስጥ የሪህ ምልክት የለም። ሌላውም ምርመራ ምንም አላሳየ። ዶክተሯ "በቤተሰብህ ቆዳው ቀልቶ የሚቀረፍበት ሰው አለ?" ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ማንም የለም አልኳት። ታዲያ ትንሽ እንጠብቅ አለች።»

በዚያ እጁ ነው ንድፍ የሚነድፈው። በዚያ እጁ ነው እንጀራው። ልናገር? እሳቸው ገላቸውን ያመኑኝ እኔን ነው። ደግሞ ስለሰደቡኝ ተበቀለቻቸው እባላለሁ። ዝም ልበል? ዓይኔ እያየ እጁ ሊበላሽ ነው።

«ምነው ዝም አልሽ? ሰለቸሁሽ መሰለኝ» አለኝ።

«ደንበኛ ይዣለሁ» አልኩት። ወንበሬ ባዶ ነበር። ስልኩን ዘጋው፤ እኔም ማበጠሪያዬን ይዤ በቆምኩበት ቀረሁ።

ሰኞ ሲደርስ ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም። ግን ወዴት ይሄዳሉ? የጓሮው በር ተንኳኳ። ሰላም አላሉኝም። ገብተው ተቀመጡ፣ ሻሻቸውን ፈቱ፣ ማጠቢያው ላይ ደገፍ አሉ። ያ ሰው ሁሉ የሚነሳለት ራስ መዳፌ ላይ አረፈ። ብሶበት ነበር፤ አንገታቸው ድረስ ወርዷል። ተናድጄባቸዋለሁ፣ ይሄን አልደብቅም። እጄ ግን ንዴቴን አልሰማኝም፤ እንደ ሁልጊዜው ቀስ ብሎ ነው የሚያጥበው።

«ውኃው አልሞቀም?»

«ደህና ነው።»

«እትዬ፣ ዶክተሯ ልጅዎን ምን እንደጠየቀችው ነግሮዎታል?»

«ምን ጠየቀችው?»

«በቤተሰብህ ቆዳው የሚቀረፍበት ሰው አለ ወይ ብላ።»

አንገታቸው መዳፌ ውስጥ ድርቅ አለ። ዓይናቸውን ግን አልገለጡም። «አንቺ ምን አልሽው?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም አልኩዎት እኮ። ጠበቀኝ፣ ዝም አልኩት። ተቀይሞኛል።»

«የእኔ የራስ ነው፣ የእሱ የአጥንት ነው። ምን ያገናኘዋል?» አሉኝ። ድምፃቸው የባለፎቋ አልነበረም።

ሐኪሙ የነገሩኝን ነገርኳቸው። ቅርፊቱም እብጠቱም ከአንድ ቤት የሚወጡ መሆናቸውን፣ ከእጅ ወደ እጅ እንደማይሄድ፣ በዘር ግን ሊወርድ እንደሚችል። ሳልጨርስ ቀና አሉ፤ ሻምፑው በግንባራቸው ወረደ።

«እኔ ነኛ! ልጄን ያሳመምኩት እኔ ነኝ በይኛ!»

«አይደሉም እትዬ። ዘሩን የወረሰ ሁሉ አይታመምም። ቢሆንማ ከተማው በሕመምተኛ በሞላ ነበር። ሌላ ቀስቃሽ ይጨመርበታል። ብረቱ መቶታል፤ የተመታ ቦታ አንዳንዴ መነሻ ይሆናል። ጉሮሮውን ታሟል። ሲጋራውን አይተውም። ቢሮ ቁጭ ብሎ ሆዱ ወጥቷል፤ ውፍረትም ይጨምርበታል። ጭንቀትም አለበት። የትኛው እንደቀሰቀሰው ሐኪሙም ምሎ አይነግርዎትም።»

«ጭንቀቱን ማን አመጣበት?» አሉ፣ ለራሳቸው የሚመስል ጥያቄ።

እሱን ሁለታችንም እንካፈለዋለን።

በፎጣ ፊታቸውን ጠረግሁላቸው። እንባውንና ውኃውን መለየት አልቻልኩም። «ባሌ እንኳ ሳያየው ነው የሞተው» አሉኝ። «ያን ሁሉ ዘመን መብራት አጥፍቼ ነው ሻሼን የፈታሁት። አሁን ልጄ ፊት ገልጬ ልቁም?»

«እኔ አልናገርም። ያመኑኝን አላወጣም» አልኳቸው። እዚህ ላይ ግን ድምፄ ተሰበረ። «ግን እትዬ፣ እጁ ሊጠፋ ነው። እኔን አይውደዱኝ፣ ይጥሉኝ፣ እኔ እለቀዋለሁ። እሱ ይዳንልኝ ብቻ። ይንገሩለት። በሞቴ ይንገሩለት!»

ፀጉራቸው እንደረጠበ ሻሻቸውን አሰሩና በጓሮው በር ወጡ። ደህና ዋዪ እንኳ አላሉኝም። ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ደንበኛዬንም ፍቅሬንም በአንድ ቀን የሸኘሁ መሰለኝ።

ያ ሳምንት ሳምንት አልነበረም። አንዷን ቡናማ ልቀባት ብዬ ቀይ ቀባኋት፤ ደግነቱ ወደደችው። ስልኬን ሰላሳ ጊዜ አወጣለሁ፣ መልሼ እከታለሁ። አለቃችን «አንቺ ልጅ፣ ወይ አግቢ ወይ ሂጂና ተኚ» አለችኝ። በመጨረሻ ተደወለ። ድምፁ ደረቅ ነው።

«ነገ ክሊኒክ ነይ። እናቴ ያለ አንቺ አልገባም አለች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም።»

ክሊኒኩ ስደርስ እናትና ልጅ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ኩርፊያቸው ከሩቅ ያስታውቃል። እሱ አየኝና ዓይኑን ሰበረ። ፊቱ ገርጥቷል። ሮጬ ባቅፈው ደስ ባለኝ፤ ቦርሳዬን አጥብቄ ያዝኩ። ተጠራንና ገባን። ዶክተሯ ገና «እሺ፣ እንዴት ሰነበትክ?» ስትለው እትዬ ከወንበራቸው ተነሡ። እጃቸው ወደ ሻሻቸው ሄደ፤ ቋጠሮው ግን እምቢ አላቸው።

«ፍቺልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

ልጄ ብለውኝ አያውቁም። ፈታሁላቸው። ክፍሉ ውስጥ ያለው የቀን ብርሃን በሙሉ ጭንቅላታቸው ላይ ወደቀ። ልጃቸው ከተቀመጠበት ግማሽ ተነሥቶ ቀረ። ዶክተሯ ፀጉሩን በጣቷ ከፈል ከፈል እያደረገች አየች፣ ከዚያ የእሱን ጥፍሮች አየች፣ ተረከዙን ጫን አለችው። «ይሄ ነበር የጎደለኝ» አለች። በሽታው ከሶሪያሲስ ጋር የሚመጣ የመገጣጠሚያ ብግነት ነው፤ መድኃኒቱን ዛሬውኑ ይጀምራል፣ ሲጋራውን ያቆማል፣ ክብደቱን ይቀንሳል። ጨርሶ የሚነቅል መድኃኒት የለውም፤ በጊዜ ከተያዘ ግን ልጓም ይገባለታል። «እርስዎም ይታከማሉ እናቴ፤ መደበቅ አያስፈልግም» አለቻቸው።

እሱ ዶክተሯን አልሰማም። እኔን ነው የሚያየው። ሻሹን ስፈታ እጄ አለማመንታቱን አይቷል። ኮሪደሩ ላይ እንደወጣን ያዘኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ካንተ በፊት።»

«እና "ማንም የለም" ስልሽ ዝም አልሽ? እጄ እየጠፋ እያየሽ? እንዴት አስቻለሽ?»

«አላስቻለኝም» አልኩት። ዓይኑ ውስጥ ንዴትና ናፍቆት ይተራመሳሉ፤ የኔም ከሱ አይሻልም።

«እሷን ተዋት!» አሉ እትዬ ከኋላችን። ሻሻቸውን አላሰሩትም፤ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገውታል። «መቆጣት ካማረህ እናትህ እዚህ ነኝ። ያን ቅዳሜ ያንን ሁሉ ስድብ ሳወርድባት አንዲት ቃል ብትተነፍስ የት እገባ ነበር? ሰድቤያት እንኳ ገበናዬን ከደነችልኝ። ይቅር በይኝ ልላት ነው የመጣሁት፣ አንተ ደግሞ ትጮህባታለህ!» ብለው ራቅ ካለ አግዳሚ ሄደው ተቀመጡ። ራቅ ይበሉ እንጂ ጆሯቸውን ትተውልን ነበር።

እሱ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። ንዴቱ ከፊቱ ወረደና የባሰ ነገር ተካው። ትሕትና ይባል ተስፋ መቁረጥ አላውቅም፤ አስፈራኝ።

«እንግዲህ ሰማሽ» አለኝ ቀስ ብሎ። «በደሜ ያለ ነገር ነው። ነገ እጄ ሊጣመም ይችላል። ልጅ ብንወልድ ደግሞ… አንቺን በዚህ ውስጥ አልጎትትሽም። ጤነኛ ሰው ታገኛለሽ።»

የሳምንታቱ እንቅልፍ ማጣት፣ የቅዳሜው ውርደት፣ የሰኞው እንባ፣ ሁሉም አንድ ላይ ወደ ራሴ ወጣ።

«አሁን ገባኝ፣ የእናትህ ልጅ ነህ!» አልኩት። «እሳቸው ከእኔ ይይዝሃል ብለው ከለከሉን። አሁን ደግሞ አንተ ከአንተ ለልጃችን ይተርፋል ብለህ ልትከለክለን ነው። የወረሰ ሁሉ አይታመምም እኮ! ቢታመምስ፣ አያቱ ሻሽ ውስጥ አይደብቁበትም፣ በጊዜ ይታከማል! እናንተ ሰዎች ስለ እኔ ትወስናላችሁ፣ ታስጠጋላችሁ፣ ታባርራላችሁ። እኔን የሚጠይቅ ሰው የለም? አንድ ሰው እንኳ አፍ አውጥቶ አይጠይቀኝም?»

መድኃኒት የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እሱ መሬት መሬት ያያል። ያበጠውን ጣቱን በሌላው እጁ ይዞታል። ትቼው መሄድ አማረኝ፤ እግሬ ግን ከፊቱ አልነቀል አለ።

«ጠዋት ጠዋት የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኛል» አለ በመጨረሻ፣ ቀና ሳይል።

«እና?»

«እናቴን ቆልፊልኝ ለማለት አፈርኩ።»

«እና ምን ይሁን?»

ቀና አለ። በጓሮው በር የመጀመሪያ ቀን ያየኝ ዓይን አልነበረም። ያ ዓይን ይጫወት ነበር፤ ይሄኛው ፈርቷል። «አንቺ ትቆልፊልኛለሽ?»

«ጠዋት የት ተገኝቼ ነው የምቆልፍልህ?»

«አጠገቤ። በየቀኑ። እስከ ዕድሜ ልክ… ጠየቅሁሽ እኮ!»

ለዚህ ጥያቄ ስንት መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ካስክ ሥር ቆሜ፣ ፎጣ ሳጥፍ፣ አልጋዬ ላይ ስገላበጥ፣ አንዱን ከአንዱ አማርጬ ነበር። አንዱም አልመጣልኝም። ያበጠ ጣቱን እንዳላሳምመው አድርጌ እጁን በሁለት እጄ ያዝኩት፤ በዚያ በተሰነጣጠቀው እጄ። «እሺ» አልኩ። ለራሴም አልተሰማኝም።

«ምን አለች?» አሉ እትዬ ከወዲያ አግዳሚ፣ አንገታቸውን አስግገው። «ምን አለችህ? አልሰማሁም እኮ!»

«እሺ አልኩ፣ እትዬ!» ብዬ ጮኽኩ።